እንጀራ በዓባይ ወዲህና ወዲያ

አገር ለማየት የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዙና ስለ ጥንታውያን አድባራት ነው፤ ይህም የሚነቀፍ ልማድ አይደለም። እኛ ግን በ2011 ዓ.ም. በዓለ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጾመ ነነዌ ሳይገባ፣ ትምህርት ቤቶች ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት በተዘጉበት ሳምንት ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ፣ ወደየቤቱ በገባን ቍጥር ዓይናችንን የጣልነው በአንድ ነገር ላይ ነበር። እርሱም በየቀኑ ስለምንበላው ልብ ብለን የማንመለከተው እንጀራ ነው።

ወደዚህ ያደረሰን ምክንያት እንዲህ ነው። በከተማችን ምጣድ የሚጣድበት ቤት ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዷል። አዲስ ትዳር የመሠረቱ ወጣቶች አንድ ሁለት ጊዜ አቡክተው ዓይን አልወጣ ሲላቸው ወይም ከምጣዱ አልላቀቅ ሲላቸው፣ «እግዜር እጅ አልሰጠንም» ይሉና ወደ ሱቅ ይልካሉ። እጅ የሚባለው ነገር በባልትና ዘንድ እውነትነት አለው፤ አንክድም። ነገር ግን እጅ ከተባለው ውስጥ የሚበዛው የእህሉን፣ የውኃውን፣ የአየሩንና የእሳቱን ጠባይ ማወቅ እንደ ሆነ፣ ጠባዩም በየአገሩ እንደሚለያይ፣ ይህን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሄደ ሰው በግልጥ ያየዋል።

እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ስንደርስ ገና ማለዳ ነበረና ውርጩ ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። በዚህ ብርድ አገር ሊጥ ይተኛል። በአዲስ አበባ በሦስተኛው ቀን የሚደርሰው ቡኮ እዚህ አንዳንድ ጊዜ አራተኛውን ቀን ይጠብቃል። በጫንጮ ቁርስ የበላንበት ቤት ባለቤት ቡሃቃዋን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣው አየን፤ ሕፃን የታቀፈች ይመስል ነበር። የሰላሌ ሰው በኦሮምኛ ቡዴና የሚለው ይህ እንጀራ ጠዋት ከአይብ ጋር ቀርቦ፣ ብርዱ ጣዕሙን አለዘበው እንጂ አላጠፋውም። ከዚያም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደውን መገንጠያ ስናልፍ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ተመሠረተው ገዳም በእግራቸው የሚወርዱ ጥቂት ምእመናን አገኘን። በጀርባቸው የያዙት ስንቅ በሶና ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ የተረፈ እንጀራ በፀሐይ ደርቆ የሚቀመጥበት ጥበብ ስለ ሆነ፣ ዛሬም ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካና ወደ ዐረብ አገር ከሚሄደው ጓዝ ውስጥ አይጠፋም።

ፍቼንና ገርበ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ደረስን። ከዚህ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ስለ ዓባይ ሸለቆ ውበት ብዙ ሰዎች ጽፈዋልና እኛ አንደግመውም። የምንናገረው ስለ ሙቀቱ ነው። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን በደጀን በኩል ካለች ቆላማ መንደር ለጥቂት ጊዜ ዐረፍን። በአፋፉ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው እዚህ እጀ ጠባቡም ይከብደዋል። ጤፍ በዚህ ሙቀት ብዙ ስለማይዘራ እህሉ ማሽላ ነው። የማሽላ እንጀራ ከምጣድ እንደ ወጣ ቢበሉት ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ስለዚህ የቆላ ሴት የምትጋግረው የዕለቱን ወይም ቢበዛ የሁለት ቀን ነው። ሊጡም በብርድ አገር እንዳለው አይለመንም፤ ማታ የተቦካው በማግሥቱ ማታ ይኮመጥጣል። ብርድ አገር አድጋ ወደ ቆላ የተዳረች ሙሽራ «ሊጤ ለምን ይበላሻል?» ብላ ብትጨነቅ፣ የተበላሸው ሊጡ ሳይሆን የቀኑ አቈጣጠር መሆኑን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

እግረ መንገዳችንን የመምህርነት ልማድ ይዞን አንድ ነገር እንጨምር። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ያህል ነው፤ በዓባይ ድልድይ አካባቢ ግን ወደ 96 ዲግሪ ይጠጋል። ከፍ ባለ አገር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ውኃ ፈጥኖ ይፈላል እንጂ በብርቱ አይግልም። ስለዚህ ኋላ የምንናገርለት አብሲት በደጋ ከእሳት ላይ ትንሽ ቆየት ማለት አለበት።

ደጀን ላይ ወጥተን ሜዳው ሲገለጥልን ዓይናችን ያረፈው በአውድማዎቹ ላይ ነበር። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ በጥር በበሬ እየተበራየ ነበር። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በ1 ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ ይገኛል። እንዲህ የደቀቀ እህል መሬት ላይ ሲበራይ አፈርና አሸዋ አብሮት መግባቱ አይቀርም። በእበት የተለቀለቀ አውድማ የሚዘጋጀውም ይህን ለመቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የወንፊትና የሰፌድ ነው። በጥርስ ሥር የሚንቋቋ እንጀራ የጋገረችውን ሴት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይበጠር እንዲፈጭ ያስቸኰላትን ሰው ነው።

የዚህ አገር ሰው ጤፍን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ እያለ ይለየዋል። ማኛው እንደ ወተት የነጣው ነው፤ ሰርገኛ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ነው። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው ነጭ ዘርም ምርቱ ብዙ ስለ ሆነ በገበሬው ዘንድ ተወዷል። በከተማ ዘንድ የእንጀራ ክብር በንጣቱ ይለካል፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቀይ ጤፍ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ሰውነትን የሚያበረታ ነው፤ ጣዕሙም ጠለቅ ያለ ነው፤ በጾም ቀን ከሽሮ ጋር ሲበላ ከማኛው አይተናነስም። በአንዳንድ ቤት ቀዩን ለቤተ ሰብ፣ ነጩን ለእንግዳ ይጋግራሉ። ልጆች ያሉበት ቤት ነገሩን ቢገለብጠው ባልከፋ ነበር።

ከሉማሜ አለፍ ብሎ ባለ አንድ መንደር ባላቸው ከሞቱ በኋላ በመነኰሱ አንዲት እናት ቤት ሁለት ሌሊት ዐደርን። የሠርግ ወራት ስለ ነበረ ለጎረቤት ሙሽራ የሚሆን እንጀራ ከእርሳቸው ቤትም ይጋገር ነበር፤ ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማየት ቻልን። ከሁሉ አስቀድሞ የነገሩን ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ቀን ነው። ቅዳሜ የሚጋገረው ረቡዕ ማታ ይቦካል፤ በሰንበት ምጣድ አይጣድምና።

ዱቄቱ ከተነፋ በኋላ መጀመሪያ በጥቂት ውኃ ተለውሶ በደንብ ይታሻል። ብዙ የከተማ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ውኃውን በአንድ ጊዜ ይጨምረዋል፤ ዱቄቱም እየተጓጐለ ይቀራል። በእጅ መዳፍ እየተገፋ ከታሸ በኋላ ነው ውኃው ቀስ በቀስ የሚጨመረው፤ በጠቅላላው 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከ1 ሊትር ተኩል እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። ካለፈው ሊጥ የተቀመጠው እርሾ ተጨምሮ፣ ቡሃቃው ተከድኖ ይቀመጣል። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሕይወታውያን አሉ፤ ገሚሶቹ ሊጡን ያኮመጥጡታል፣ ገሚሶቹ ዓየር እየፈጠሩ ይነፉታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ዱቄቱ ወደ ታች ሲዘቅጥ ወደ ብጫ የሚያደላ ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ ውኃ በጥንቃቄ ይቀዳል፤ ጥቂቱም ለሚመጣው ሳምንት እርሾ ይሆናል።

ሊጡ የደረሰ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ጠየቅናቸው።

«መምህሬ፣ በሰዓት አይቁጠሩት፤ ያሽትቱት» አሉን። «አፍለኛ ከሆነ ጥሬ ጥሬ ይላል። ያለፈበት እንደ ሆነ አፍንጫ ይወጋል። በመካከሉ ጥሩ ጠላ ጠላ የሚል ሽታ አለው፤ ያኔ አብሲት ይጣሉለት።»

የእንጀራ ምሥጢር ያለው በዚህ በአብሲት ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዘቀጠው ሊጥ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ይወሰድና ሦስት እጥፍ በሚሆን ውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል። ወፈር ብሎ ሲያብረቀርቅ ይወርዳል፤ ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ቡሃቃው ይመለሳል። ትኩሱን መጨመር እርሾውን መግደል ነው። ነገሩ የሚሠራውም እንዲህ ነው። በስንዴ ውስጥ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያያይዝ ነገር አለ፤ ጤፍ ግን ይህ የለውም። የበሰለው አብሲት በስንዴው ማያያዣ ፈንታ ሆኖ ሊጡን ያስተሳስረዋል፣ የሚወጣውንም ዓየር ይይዝለታል፤ ለእርሾውም አዲስ ምግብ ይሆነዋል። ስለዚህ አብሲት ያነሰው እንጀራ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ የበዛበት ደግሞ ይላቁጣል። አብሲት ከተጣለ በኋላ ሊጡ ኩፍ ይላል። ኩፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ምጣዱ ግሎ መጠበቅ አለበት። ባለቤቲቱ በዚያች ሰዓት ጎረቤት ቡና ጠጡ ብላ ብትጠራት አትሄድም።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ አይፈስበትም። በእሳት ላይ ደጋግሞ እየጋለ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል፤ ቅባቱ ወደ ሸክላው ዘልቆ ቀዳዳውን ሲደፍነው ፊቱ ይጠቁርና ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላም በየመካከሉ በማሰሻ ጨርቅ ጎመን ዘር ይነካካል። አንባብያን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለምጣድ የመረጡት ቅባት ከእህል የተገኘ ነው እንጂ ከከብት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ምጣድ ጾምንም ፍስክንም ያገለግላል፤ ለጾም ሌላ ምጣድ መያዝ አላስፈለገም።

ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ ወደ መካከል ይፈስሳል። ወዲያው ከሥር የሚወጣው እንፋሎትና ዓየር የሊጡን ፊት እየበሳ ዓይን ያወጣል። ዓይኑ መላ ፊቱን ሲሸፍን ነው አክንባሎ የሚደፋው። አስቀድመው ቢደፉት ዓይኑ ይታፈናል፤ ቢዘገዩ ደግሞ ፊቱ ይደርቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ጠርዙ ከምጣዱ ብድግ ሲል በሰፌድ ይወጣል። አይገለበጥም። በከተማ ልጆቻችን የለመዱት ፓንኬክ የተባለው የፈረንጅ ቂጣ በእንቁላልና በወተት ተበጥብጦ ወዲያው ይጋገራል፤ ሁለት ፊቱም ይጠበሳል። ለፍስክ ቀን ቁርስ መልካም ነው፤ ግን ሦስት ቀን አያስጠብቅምና ሦስት ቀን የሚያስተምረውን አያስተምርም። በዚያ ቤት የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀረ። እማሆይ ምንም ሳይደነግጡ ከምጣዱ ሥር አንድ እንጨት ጨመሩና «ይህ የምጣዱ ድርሻ ነው» ብለው ወደ ጎን አኖሩት። ሁለተኛው ደኅና ወጣ።

ነገር ግን በዚያ ቤት ያየነው ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። ምጣዱ የተጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ሲሆን፣ ጭሱ የሚወጣበት መስኮት የለውም። እማሆይ ዓይናቸው ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ በሚጋግሩበት ቀን ደግሞ ሌሊቱን ያስላቸዋል። ይህ የእርሳቸው ብቻ ችግር አይደለም፤ በክፍት እሳት ስትጋግር የኖረች ሴት ዓይኗና ሳንባዋ እንደሚጐዳ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ስለ እንጀራ ጣዕም እያመሰገንን ስለ ጋጋሪዋ ዓይን ዝም ማለት የሚገባ ሆኖ አላየነውም። ምርጥ ምድጃ የተባለው፣ ከሲሚንቶ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው ምድጃ፣ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያሳንሰዋል። ልጆቻቸው በከተማ የሚኖሩ እናቶች ለበዓል ነጠላና ስኳር ይላክላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ምድጃው ቢላክላቸው ግን ለብዙ ዓመት ይጠቅማቸዋል። ይህን ለእማሆይ ልጅ በስልክ ነግረነዋል፤ ቃልም ገብቶልናል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችውን ሮብ ገበያን ለአንድ ቀን ጐብኝተናል። የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በግርጌው ያለው ብርድም ለጤፍ አይመችም፤ ገበያውን የሞላው ገብስና ድንች ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ ገለባው ከተራገፈ በኋላ ይፈጫል። እንጀራው ከጤፉ ወፈር ይላል፤ ዓይኑም እንደ ጤፉ አይበዛም፤ ሆድ ግን ይይዛል። በበኩላችን ትኩስ የገብስ እንጀራን ከተልባ ጋር የሚወዳደረው ጥቂት ነው እንላለን። ከዳንግላ የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባችን ደግሞ በእነርሱ አገር ጤፉ ከዳጉሳ ጋር እየተቀላቀለ እንደሚቦካ አጫወተን። የዳጉሳ እንጀራ መልኩ ጠቈር ያለ ቢሆንም ዳጉሳ ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም ከሌሎች እህሎች ይልቅ የበዛበት ነው። እንግዲህ «እውነተኛው እንጀራ የጤፍ ብቻ ነው» የሚል ሰው ከአስፋልቱ ያልወረደ መንገደኛ ነው።

የምሥራቅ ጎጃም ምድር ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ ቤቶች ያሉበት ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዙሪያ የሚኖር ቤተ ሰብ ሲጋግር የሚጋግረው ለራሱ ብቻ አይደለም። ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚሰጠው ቁራሽ ከዚያው መሶብ ነው። እኛም በልጅነታችን በዚሁ መንገድ የተማርን ስለ ሆንን፣ የየቤቱን እንጀራ በጨለማ እንኳ እንለየው ነበር፤ የትኛው ቤት አብሲት እንደሚያሳንስ፣ የትኛው ቤት ቀይ ጤፍ እንደሚያበዛ፣ የትኛዋ እናት ለተማሪ ትኩሱን እንደምትሰጥ። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ቁራሽ ያደጉ ናቸው። ደግሞም ሊጡ ሊያልቅ ሲል በመጨረሻው ጭላጭ የምትጋገረው ትንሿ እንጎቻ የልጆች ናት፤ እርሾ ያለቀበት ጎረቤትም ጣሳ ይዞ ይመጣል፤ ይቀዳለታል እንጂ አይሸጥለትም።

የሚገዛ እንጀራ ግን ተቈጥሮ ይመጣል። አምስት ከሆነ አምስት ነው፤ እንጎቻ የለውም፤ የሚቀዳ እርሾ የለውም፤ በደጅ ለቆመም የሚተርፈው በጭንቅ ነው። ይህን ስንል እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትን እናቶች መንቀፋችን አይደለም። እንዲያውም ማለዳ ወጥቶ ማታ ለሚገባ ቤተ ሰብ የእነርሱ እንጀራ በረከት ነው። የምንለው፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንኳ ቡሃቃ የሚከደንበት ቤት ይኑር ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሁለት ሦስት ቤተ ሰቦች አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጋራ ገዝተው በየተራ ቢጋግሩበት ወጪውም ይቀላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ኀይል ስለሚስብ፣ ምድጃና ካውያ በአንድነት በተለኮሱበት ሰዓት ባይጣድ ይሻላል። ከጤፉ ዋጋ የተነሣ ሩዝ የሚቀላቅሉም አሉ። ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ያደርቀዋልና ጥቂት ከሆነ እንጂ አንመክርም። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ቡሃቃውን መጠቅለል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አንድ ቀን ቀድሞ ማሽተት፣ ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ካሉት ሴቶች የወሰድነው ምክር ነው።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት ወጣት፣ በዚያው ሳምንት ተድራ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ሙሽራ፣ ከጓዟ ሁሉ ለይታ በጭኗ ላይ የያዘችው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። በውስጡ ያለው እናቷ የቀዱላት እርሾ ነው። ደጀንን ለቀን ወደ ዓባይ ስንወርድ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ጠርሙሱ እየተነፋ ሄደ፤ ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ክዳኑ ይንጫረር ጀመር። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ክዳኑን ላላ አድርጊለት፤ ይተንፍስ» አሏት። ላላ አደረገችለት፤ የሊጥ ሽታም አውቶቡሱን ሞላው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጎሐ ጽዮን ወጥተን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱም ጸጥ አለ፤ እርስዋም ክዳኑን መልሳ አጠበቀችና በነጠላዋ ጠቀለለችው።